ጎማ የሌለው ጋሪ

ስሌጅ ጎማ የሌለው ማጓጓዣ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፣ የፊት ጫፋቸው እንቅፋት እንዳይዘው ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ በላያቸው አግዳሚ ርብራብ ይታሰራል፣ ጭነቱም በርብራቡ ላይ ተጠፍሮ በሰው፣ በበሬ፣ በውሻ ወይም በሞተር ኃይል ይጎተታል። ከመሬት ጋር የሚገናኙት ሁለቱ እንጨቶች በዚህ ምዕራፍ ውስጥ መንሸራተቻ እየተባሉ ይጠራሉ። የኢትዮጵያ አንባቢ ስሌጅን በአብዛኛው የሚያውቀው የገና አባት በአጋዘን ሲጎተት ከሚታይባቸው የበዓል ካርዶች ነው፤ ይህም መሣሪያው የሩቅ ሰሜን የክረምት መዝናኛ ብቻ እንደሆነ እንዲታሰብ አድርጎታል። ስሌጅ ግን በግብፅ በረሃ አሸዋ ላይ ሐውልት አጓጉዟል፣ በሶርያና በስፔን አውድማ ላይ እህል ወቅቷል፣ በቻይና የንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት የታነጸበትን ድንጋይ አድርሷል፤ ዛሬም በአንታርክቲካ ነዳጅ ያመላልሳል።

የመጓጓዣ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስሌጅን ብዙ ጊዜ የጎማ ታናሽ መቅድም አድርገው ያልፉታል፤ ጎማ ሲመጣ ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ ነው የሚል ግምት ከአጻጻፋቸው ይነበባል። ማስረጃው ይህን ግምት አይደግፍም። በፊንላንድ ሄይኖላ ከተባለ ቦታ የተገኘው የስሌጅ መንሸራተቻ ዕድሜው ወደ 10,000 ዓመት ይጠጋል፤ ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በምትገኘው የዞኾቭ ደሴት ደግሞ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ አዳኞች የተጠቀሙባቸው የስሌጅ ክፍሎችና የውሾቻቸው አጥንት ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ለመሣሪያ ይጠቀሙበት የነበረው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ምንጭ የመጣ መሆኑ መታወቁ ስሌጅ በዚያ ዘመን ምን ያህል ርቀት ያገናኝ እንደነበር ያመለክታል። ጎማ የታየው ግን ከ5,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ሲታይም በስሌጅ ላይ ተጨምሮ እንጂ ስሌጅን ሽሮ አልነበረም። ከኡሩክ ከተማ በተገኙት እጅግ ጥንታዊ የሸክላ ጽላቶች ላይ አንዱ የሥዕል ፊደል ስሌጅን ሲያሳይ፣ ሌላው ያንኑ ስሌጅ ከሥሩ ክብ ምልክቶች ተጨምረውበት ያሳያል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። በዑር ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ገደማ የተቀበረችውን ንግሥት ፑአቢን ወደ መቃብሯ የሸኛት ያጌጠ ስሌጅ በበሬዎች የተጎተተ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ጎማ ያለው ሠረገላ በከተማይቱ በሚገባ ይታወቅ ነበር።

ስሌጅን ለዚህ ሁሉ ዘመን ያቆየው ምክንያት ከመንሸራተቻው ሥር ይገኛል። ጎማ ክብደቱን ሁሉ በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ ጠንካራ መንገድ ይፈልጋል፤ በአሸዋ፣ በረግረግና በአመዳይ (ከሰማይ በሚወርደው ለስላሳ በረዶ) ላይ ይሰምጣል። ስሌጅ ክብደቱን በመንሸራተቻዎቹ ርዝመት ሁሉ ስለሚያከፋፍል አይሰምጥም፤ ነገር ግን መሬቱን ከዳር እስከ ዳር እየፈተገ ስለሚሄድ ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንቀሳቀሱ የሚፈጠረውን ተቃዋሚ ኃይል፣ ማለትም ሰበቃን፣ ያለማቋረጥ ይጋፈጣል። ስለዚህ የስሌጅ ጥበብ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በመንሸራተቻውና በመሬቱ መካከል ምን ይግባ? ይህን ጥያቄ በየዘመኑና በየአገሩ የመለሱ ሰዎች፣ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ፣ በአብዛኛው የሰጡት መልስ ውሃ የሚል ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የዚህ ማስረጃ የሚገኘው ውሃ ብርቅ በሆነበት በግብፅ ነው። ደይር ኤል በርሻ በሚባለው ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 ገደማ የተቀበረው ጀሁቲሆቴፕ የተባለ የአውራጃ ገዥ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ የራሱ ሐውልት ሲጓጓዝ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል። ሐውልቱ ከአልባስጥሮስ የተጠረበ ሲሆን፣ ጽሑፉ እንደሚለው 13 ክንድ፣ ማለትም ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ነበረው፤ ክብደቱንም ሊቃውንት 58 ቶን ያህል አድርገው ይገምቱታል። በሥዕሉ ላይ ሐውልቱ በስሌጅ ላይ ተቀምጦ በወፍራም ገመድ ተጠፍሯል፤ ገመዱ ድንጋዩን እንዳይልጠው በሚነካበት ጠርዝ ሁሉ መከላከያ ተደርጎለታል። በፊቱ 172 ሰዎች በአራት ረድፍ ተሰልፈው ይጎትታሉ። አንድ ሰው በሐውልቱ ጉልበት ላይ ቆሞ በጭብጨባ ምት ይሰጣል፣ ጉልበታቸው በአንድ ቅጽበት እንዲያርፍ። ሌላው ደግሞ በስሌጁ አፍንጫ ላይ ቆሞ ከማሰሮ ውሃ ወደ መሬት ያፈስሳል፤ ከጎን የሚሄዱ ሰዎችም ተጨማሪ ውሃ በትከሻቸው ተሸክመዋል።

ውሃውን የሚያፈስሰውን ሰው ለረጅም ጊዜ በትክክል አልተረዱትም። ብዙ የግብፅ ጥናት ሊቃውንት ድርጊቱን እንደ መንጻት ሥርዓት ቆጥረውት ነበር፤ ከሐውልቱ ፊት ዕጣን የሚያጥን ሰው ስለሚታይም ግምቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ትንሽ ስሌጅ ሠርተው በደረቅና በረጠበ አሸዋ ላይ በመጎተት የሚያስፈልገውን ኃይል ለኩ። በደረቅ አሸዋ ላይ ስሌጁ ከፊቱ ክምር እየገፋ ስለሚሄድ ራሱን በራሱ ያግዳል። አሸዋው በመጠኑ ሲረጥብ ግን በቅንጣቶቹ መካከል ጥቃቅን የውሃ ድልድዮች ይፈጠሩና ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያያይዟቸዋል፤ አሸዋው ይጠነክራል፣ ከፊት መከመሩም ይቀራል፣ ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይልም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ውሃው ከመጠን ሲያልፍ ድልድዮቹ እርስ በርስ ይዋሐዱና ጥቅማቸው ይጠፋል፤ ተስማሚው መጠን ከአሸዋው ይዘት ከ2 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በስሌጁ አፍንጫ ላይ የቆመው ሰው ካህን ከመሆን ይልቅ የሥራው ዋነኛ ባለሙያ ነበር ለማለት ያስደፍራል፤ ማሰሮውን ትንሽ ቢያበዛ ወይም ቢያሳንስ ተጨማሪ ብዙ ጎታች ያስፈልግ ነበርና። ሁለቱ ንባቦች እርስ በርስ የግድ እንደማይጣሉም መታወስ አለበት፤ ለሐውልት ክብር የሚደረግ ውሃ መርጨት መንገድም ሊያጠነክር ይችላል።

በቅርብ ምሥራቅ ገበሬዎች ዘንድ ደግሞ ሰበቃ የሚፈለግ ነገር የሆነበት ሌላ ዓይነት ስሌጅ ነበር። ከሥሩ የባልጩት ስለት ወይም የብረት ጥርስ የተሰካበት ሰፊ ሳንቃ በበሬ እየተጎተተ በአውድማ ላይ ሲዞር ነዶውን ይቆራርጣል፣ ፍሬውንም ከገለባ ይለያል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢሳይያስና በትንቢተ አሞጽ «ማሄጃ» ተብሎ የተጠራው ይኸው መሣሪያ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ በአውድማው ላይ ከብቶቹን ራሳቸውን እየነዳ በኮቴያቸው ስለሚወቃ፣ ማሄጃ ለአማርኛ አንባቢ ከገጹ ውጭ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በቱርክና በስፔን ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል።

ወደ ውሃው ስንመለስ፣ ውሃን በበረዶ ላይ ስለማፍሰስ ከሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የቀረ ሰነድ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1557 ለቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሥራ የተፈለገና ርዝመቱ 9 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱም ከ100 ቶን በላይ የሆነ ድንጋይ ከ70 ኪሎ ሜትር ርቀት በ28 ቀን ተጎትቶ ከተማ ገብቷል። ቻይናውያን በዚያን ጊዜ ጎማን ከተዋወቁ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፏቸው ነበር፤ ይህን ያህል ክብደት ግን ለጎማ አደራ መስጠት አልፈለጉም። ይልቁንም ክረምቱን ጠብቀው፣ በየግማሽ ኪሎ ሜትሩ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ውሃ እየቀዱ የበረዶ መንገድ አዘጋጁ። ጉዳዩን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙ የቻይናና የአሜሪካ መሐንዲሶች ባደረጉት ስሌት፣ ያንን ድንጋይ በደረቅ መሬት ላይ በስሌጅ ለመጎተት ከ1,500 በላይ ሰዎች ሲያስፈልጉ፣ በበረዶው ላይ ተጨማሪ ውሃ ከፈሰሰ ግን ከ50 ያነሱ ሰዎች ይበቃሉ። የቤጂንግ ክረምት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ በጥር ወር ቅዝቃዜው በአማካይ ከዜሮ በታች ወደ 4 ዲግሪ ስለሚሆን፣ በረዶው ሳይቀልጥ ይቆያል፣ ከላይ የሚፈስሰው ውሃም ስሌጁ እስኪያልፍበት ድረስ አይረጋም።

በረዶ ራሱ ለምን እንደሚያንሸራትት ማስረዳት ግን የሳይንስ ሰዎችን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተሰጠው ማብራሪያ ግፊት በረዶን ያቀልጣል የሚል ነበር። ነገሩ እውነት ቢሆንም መጠኑ አይበቃም፤ የበረዶን መቅለጫ በአንድ ዲግሪ ብቻ ዝቅ ለማድረግ ከ130 እጥፍ የከባቢ አየር ግፊት ያላነሰ ያስፈልጋል፤ ሰፊ መንሸራተቻ ያለው ስሌጅ ደግሞ ይህን ያህል ጫና አያሳርፍም። ማይክል ፋራዴይ በበኩሉ የበረዶ የላይኛው ገጽ ምንም ሳይነካው እንኳ ከውስጡ ይልቅ ለውሃ የቀረበ መሆኑን ጠቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ባውደንና ሂዩዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ባደረጉት ሙከራ ሰበቃው ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ስስ የውሃ ሽፋን እንደሚያወጣ አሳዩ። የዛሬው አስተያየት ፋራዴይ የጠቆመውንና እነዚህ ሁለቱ ያሳዩትን በአንድነት ይይዛል። የአሸዋውን ሙከራ ያደረጉት የአምስተርዳም ተመራማሪዎችም በኋላ በረዶን አጥንተው እጅግ የሚያንሸራትተው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ እንደሆነ ለኩ፤ ከዚያ ሲሞቅ በረዶው እየለሰለሰ መንሸራተቻው ይሰረጉድበታል፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የላይኛው ሽፋን ሞለኪውሎች መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። ከዜሮ በታች 40 ወይም 50 ዲግሪ ሲደርስ የሚያለሰልሰው ሽፋን ከሞላ ጎደል ይጠፋና የአመዳይ ቅንጣቶች እንደ ደረቅ አሸዋ መንሸራተቻውን ይይዙታል።

ይህን ዕውቀት ያለ ላቦራቶሪ፣ በእጅና በአፍ፣ ወደ ፍጹምነት ያደረሱት በሰሜን አሜሪካና በግሪንላንድ የሚኖሩት ኢንዊት የተባሉ ሕዝቦች ናቸው። ስሌጃቸው ቃሙቲክ ይባላል። አግዳሚዎቹ ከመንሸራተቻዎቹ ጋር በምስማር አይመቱም፤ በጠፍር ይታሰራሉ፣ ስሌጁ በተሰባበረ የባሕር በረዶ ላይ ሲያልፍ እየተጠማዘዘ እንዲሄድ እንጂ እንዳይሰበር። ዛፍ በማይበቅልበት አገር እንጨት ውድ ስለሆነ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ዓሣን በረጠበ ቆዳ ጠቅልለው በውርጭ በማድረቅ መንሸራተቻ ያደርጉ ነበር፤ ጸደይ ሲመጣ ስሌጁ ይፈታል፣ ዓሣውም ይበላል። ዋናው ጥበብ ግን በመንሸራተቻው የታችኛው ገጽ ላይ ነው። በመጀመሪያ ጭቃ ወይም የበሰበሰ የሣር አፈር በውሃ ተለውሶ በእጅ ይለጠፋል፣ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያም ተፍቆ ይስተካከላል። ቀጥሎ ሠራተኛው ውሃ በአፉ ይይዝና እስኪሞቅ ድረስ ቆይቶ በነጭ ድብ ቆዳ ቁራጭ ላይ ይተፋዋል፤ ጠጉራሙን ቁራጭም በመንሸራተቻው ርዝመት በአንድ ፈጣን እጅ ያሳልፈዋል። ውሃው ወዲያው ይረጋና እንደ መስታወት የለሰለሰ ስስ ሽፋን ይሆናል። ሽፋኑ በድንጋይ ላይ ከተላጠ ሥራው በመንገድ ላይ እንደ ገና ይደገማል። በብርቱ ቅዝቃዜ ብረት አመዳዩን ሲይዝ ይህ ሽፋን ይንሸራተታል፤ ኢንዊት ይህን ያረጋገጡት ማንም በበረዶ ላይ የሰበቃን መጠን ከመለካቱ በፊት ነው፤ የሳይንስ ታሪክ መጻሕፍትም ስማቸውን በዚህ ረገድ በበቂ ሁኔታ አለማንሳታቸው ጉድለት ነው።

ኖርዌያዊው ሩዋል አሙንድሰን እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ሁለት ክረምት በኪንግ ዊሊያም ደሴት ሲያሳልፍ ከነጺሊክ ኢንዊት እየጠየቀ አለባበስን፣ ውሻ መንዳትንና መንሸራተቻን በበረዶ መሸፈንን ተምሯል። ወደ ደቡብ ዋልታ ሲዘምትም ያው የተማሪ ጠባይ አልተለየውም። በአንታርክቲካ የጨለማው ክረምት ወራት፣ በአመዳይ ውስጥ ተቆፍሮ በተሠራ ክፍል ውስጥ፣ የበረዶ ሸርተቴ ሻምፒዮንና እንጨት ሠራተኛ የነበረው ኦላቭ ብየላንድ ስሌጆቹን አንድ በአንድ እየላገ ክብደታቸውን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አሙንድሰንና አራት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1911 በአራት ስሌጅና በ52 ውሾች ተነሥተው ታኅሣሥ 14 ቀን ከዋልታው ደረሱ፤ በጥር 25 ቀን 1912 ሁሉም በደኅና ተመለሱ። ውሾቹ የተመለሱት 11 ብቻ ናቸው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ እየታረዱ ለሌሎቹ ውሾችና ለሰዎቹ ምግብ ሆነዋል፤ ይህም የጉዞው ዕቅድ አካል ነበር።

በዚያው ወቅት በሮበርት ስኮት የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን ስሌጅን በአብዛኛው በሰው ጉልበት ይጎትት ነበር። የቅዝቃዜን ክፋት ቀደም ብለው ያዩት ሦስት የቡድኑ አባላት፣ ዊልሰን፣ ባወርስና ቼሪ ጋራርድ ናቸው፤ የኤምፐረር ፔንግዊን እንቁላል ለመሰብሰብ እ.ኤ.አ. በ1911 ሰኔ መጨረሻ፣ በድፍን ጨለማ፣ ወደ ክሮዚየር ርእሰ ምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል። ሁለቱ ስሌጆቻቸው ከነጭነታቸው ከ340 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝኑ ነበር። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሲደርስ አመዳዩ አሸዋ ሆነባቸው፤ ሁለቱን ስሌጆች በአንድነት መጎተት ስላልቻሉ አንዱን አድርሰው ለሌላው ይመለሱ ጀመር፤ አንድ ኪሎ ሜትር ወደፊት ለመግፋት ሦስት ኪሎ ሜትር መራመድ ነበረባቸው ማለት ነው። ሦስት እንቁላል ይዘው በሕይወት ተመለሱ።

ስኮት ከአራት ጓደኞቹ ጋር ደቡብ ዋልታ የደረሰው እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1912 ነው። የቡድኑ የሞተር ስሌጆች ገና በመንገዱ መጀመሪያ ተበላሽተዋል፤ ፈረሶቹም ከተራራው ግርጌ ተገድለዋል። በመመለሻው መንገድ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ወር ያጋጠማቸውን ቅዝቃዜ አሜሪካዊቷ የከባቢ አየር ሳይንቲስት ሱዛን ሰሎሞን በኋላ ዘመን ከተመዘገበ የአየር ጠባይ መረጃ ጋር አነጻጽራ፣ ለወቅቱ ከተለመደው እጅግ የከፋ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ አሳይታለች። የምግብ እጥረትና የነዳጅ መጉደል፣ የእግር ቁስልና አውሎ ነፋስ ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን የዕለት ጉዟቸውን የቀነሰው ዋነኛ ነገር የመንሸራተቻው ሥር መድረቅ ነበር። አመዳዩ አልቀልጥ ሲል ስሌጁ አልሄድ አለ፤ ስሌጁ አልሄድ ሲል ደግሞ ለቀናት ተለክቶ የተቀመጠው ምግብ ከማከማቻ እስከ ማከማቻ አላደርስ አለ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የሞቱት ከትልቁ ማከማቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ነው። በስሌጃቸው ላይ ለምርምር የሰበሰቡት 16 ኪሎ ግራም ድንጋይ ተገኝቷል፤ በውስጡም የግሎሶፕተሪስ ተክል ቅሪት ነበረበት፤ አንታርክቲካ አንድ ጊዜ ደን የነበረባት ምድር መሆኗን ካረጋገጡ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ድንጋዩን መጣል ነበረባቸው የሚሉ ተቺዎች ብዙ ናቸው፤ ሰበቃው ብዙ መቶ ኪሎ ግራም የተጨመረ ያህል በከበደበት ሁኔታ ግን 16 ኪሎ ግራም ዕጣቸውን ይለውጥ ነበር ማለት ሚዛናዊ ፍርድ አይደለም።

የስፖርት ስሌጅ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር አጭር ታሪክ ያለው ቢሆንም ጉዳዩን በሕግ ቋንቋ አስፍሮታል። ሉዥ በሚባለው፣ ተወዳዳሪው በጀርባው ተኝቶ በበረዶ ቦይ ውስጥ በሚወርድበት ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የግሬኖብል ኦሊምፒክ ሦስት የምሥራቅ ጀርመን ሴት ተወዳዳሪዎች መንሸራተቻቸውን አሙቀዋል ተብለው ከውድድር ተሰርዘዋል። የሞቀ ብረት ከመነሻው ጀምሮ የውሃ ሽፋን ስለሚፈጥር የሰከንድ ክፍልፋዮች ያተርፋል። ዛሬም ዳኞች ከመነሻው በፊት የመንሸራተቻዎቹን ሙቀት ይለካሉ፤ ከተወሰነው በላይ የሞቀ ስሌጅ አይወርድም።

በውድድር የተከለከለው ነገር በሥራ ቦታ ይበረታታል። አሜሪካ በአንታርክቲካ ዳርቻ ከሚገኘው የማክመርዶ ጣቢያዋ እስከ ደቡብ ዋልታ 1,600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ርቀት በትራክተር ነዳጅ የምታደርስበት ጉዞ በመጀመሪያ ይጠቀም የነበረው ትልልቅ የብረት ስሌጆችን ነበር፤ እነዚህም እየሰመጡ ብዙ ኃይል ይፈጁ ነበር። መሐንዲሶቹ በምትኩ ተጣጣፊ የፕላስቲክ ምንጣፍ በመሬት ላይ ዘርግተው የነዳጅ ከረጢቶችን በላዩ አስተኙ፤ መንሸራተቻም ርብራብም የሌለው ስሌጅ ሆነ። ከረጢቶቹን ጥቁር ማድረግም የራሱ ጥቅም አለው፤ ጥቁር ቀለም የማያቋርጠውን የበጋ ፀሐይ ሙቀት ይሰበስባል፣ ሙቀቱም በምንጣፉ በኩል ወደ አመዳዩ ይወርዳል፣ ሰበቃውም በሚለካ መጠን ይቀንሳል። ትራክተሮቹ የሚያልፉት ስኮት በሞተበት በዚያው ሰፊ የበረዶ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ የሚጓዙትም ፀሐይ በማትጠልቅባቸው ወራት ብቻ ነው።